ባዶው የሕፃናት ሚዛን

ልጇን በወለደች በሳምንቱ ቀብራ ወደ ሚዛን ፋብሪካው ስትመለስ፣ አለቃዋ ሌላ ሥራ የጠፋ ይመስል፣ የሕፃናት ሚዛን የሚፈተሽበትን መሣሪያ ቴክኒካዊ መስፈርት እንድትጽፍ አዘዛት። «ሥራ ያስረሳል» አላት። እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን መርፌው ዜሮ ላይ ይቁም።»

መሣሪያው ተሠርቶ በሕፃናት ሚዛኖች ላይ ሲሞከር ቴክኒሻኑ ጠራት።

«እህትዓለም፣ ይሄኛው ሚዛን ዜሮ አልገባ አለኝ። ምን እንደነካው እንጃ!»

ሳህኑን ወለወለችው። ምንም የለበትም። መርፌው ግን ሦስት ኪሎ ላይ ይወራጫል፤ እግሩን የሚያማታ ሕፃን የተኛበት ያህል።

«ወደ ጥገና ልውሰደው?» አለ ቴክኒሻኑ።

እሷ ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለችና፣ ሳታስበው፣ በለሆሳስ «እሹሩሩ» አለች።

መርፌው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ሳህኑ ግን ወደ ታች እንደ ተጫነ ቀረ።