አምስተኛው ድምፅ

የአንጎል ተመራማሪው ንድፈ ሐሳብ አጭር ነው፤ ንቃት ማለት መገረም ነው። ያልጠበቀው ነገር ሲመጣ ብድግ የማይል አንጎል፣ ባለቤቱ ቤት የለም። ይህን ለማስረዳት ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ጽፏል። ሚስቱ ሁለቱንም ስታነብ እንቅልፍ ወስዷታል።

አሁን ሆስፒታል ከተኛች ስምንት ወሯ ነው። የሚያስተነፍሳት መሣሪያ ነው።

በየጠዋቱ ባሏ ራሷ ላይ ሽቦ ይለጥፍና ያንኑ የድምፅ ቅጂ ያሰማታል። አራት ቀጫጭን ድምፆች፣ አምስተኛው ወፍራም። ማሽኑ የአንጎሏን መስመር ይስላል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅም ከወረቀቱ ግርጌ ነጥብ ያትማል። አምስተኛው ላይ መስመሩ ከዘለለ ሚስቱ አለች ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዘሎ ነበር። ሽቦው ላልቶ ነው ብሎ ሰረዛቸው። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ዝም አለ።

«ይቺን ሙዚቃዎን ቢቀይሩልን ምናለበት?» ትለዋለች ነርሷ። «እኔማ ቤቴ ሳህን ሳጥብም እሷኑ ሆኗል የማንጎራጉረው።»

«ሙከራ አይቀያየርም» ይላታል።

ሰውዬው እውነቱን መዋጥ አቅቶት እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። አማቱ ግን አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቁት።

«ልጄ፣ እንዲህ አስረህ ያስቀመጥካት ለሷ ብለህ ነው ለመጽሐፍህ?»

«ነገ የመጨረሻዬ ነው፣ እማማ» አላቸው። «ካልዘለለ መተንፈሻው እንዲነቀል እፈርማለሁ።»

በነጋታው ሽቦዎቹን አጥብቆ ለጠፈ። ሐኪሙ ቅጹን ይዞ በር ላይ ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ላይ የሚሆነውን ከሁለት መቶ ቀናት በላይ አይቶታል። ሰለቸው። ማጫወቻውን አጠፋና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ግቢው ውስጥ አንድ ሰው መኪና ያጥባል።

«ምነው?» አለ ሐኪሙ።

«በቃ። አምጣው ልፈርም።»

ወረቀቱ ትንሽ ሮጦ ቆመ። ነርሷ ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ከተተችለት። መሣሪያው ሲነቀል አማቱ ልጃቸው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። እሱም ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ ደንዝዞ ስለነበር እንባው አልመጣለትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢሮው ተቀምጦ፣ ቀን ጽፎበት ፋይል ውስጥ ሊያስገባው ወረቀቱን ዘረጋ። ከግርጌው አራት ነጥቦች አሉ።

አምስተኛው ሊኖርበት ይገባ በነበረው ባዶ ቦታ ላይ መስመሩ ዘሏል።