ጌሾ ነው በላቸው

ጎረቤቴ እትዬ ፀሐይነሽ ለሚካኤል ማኅበራቸው ጠላ ሊጠምቁ ጌሾ ሲያሰናዱ፣ ፖሊሶች አደንዛዥ ዕፅ ፍለጋ በራቸውን ሰብረው ገቡ። አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከመንገዳችን ማዶ ማሪዋና በሕግ የሚሸጥ ሱቅ በተከፈተ ሰሞን ነው።

ለሥራ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። አንዱ ፖሊስ ቅጠሉን አሳየኝና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እትዬ ፀሐይነሽ በካቴና እንደታሰሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«ንገራቸው እንጂ ልጄ። ጌሾ ነው በላቸው።»

የሆስፒታል ዩኒፎርሜን ለብሻለሁ፤ ባጄ ደረቴ ላይ ነው። ከእሳቸው ጋር እንዳልቆጠር ፈራሁ።

«አላውቅም» አልኩ በእንግሊዝኛ።

እሳቸውንም፣ ጌሾውን ያመጡበትን መኪናም ወሰዱ። ቅጠሉ ተመርምሮ ምንም ስላልተገኘበት ተፈቱ፤ መኪናው ግን በፖሊስ እንደተወረሰ ቀረ። ሴንቴኒያል ከተማ ልጃቸው ጋ ገቡና ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከሁሉም ኋላ ቆሜ፣ ልጃቸውን እንኳ «እግዜር ያጥናሽ» ሳልል ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ትናንት የሕንፃው ኃላፊ ማይክ ቀለም ሊያስቀባ ባዶ የሆነውን የእሳቸውን የድሮ ቤት ከፈተ። በዚያ ሳልፍ ጠራኝና አየሩን አሸተተ።

«ይሄ የምን ሽታ ነው?»

ጌሾ ነው። ገና አሁን የተወቀጠ።

«አላውቅም» አልኩት።

«ንገረው እንጂ ልጄ» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ፣ ከባዶው ጓዳ።

እንዳልሰማ ሆኜ ጫማዬን አየሁ።

ማይክ ቁልፉን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ሴትዮዋ ምን አለችህ?»