ሰው ያልነካት ጀልባ

የአደጋ መከላከያ ቢሮው ሾፌር ቢላዋውን ሲያወጣ ንብረት ኃላፊው እጆቹን ዘርግቶ በላስቲክ ከተጠቀለለችው የጎማ ነፍስ አድን ጀልባ ፊት ተገተረ። "ላስቲኩን እንዳትቀደው! ለእንግዳ የምናሳያት እኮ እንዲህ እንደታሸገች ነው።" በመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ጎርፉ የሰፈሩን አጥር ሁሉ ውጦ ነበር። ከማዶ የሾፌሩ እናት ቆርቆሮ ጣሪያቸው ላይ ተቀምጠው ሻርፓቸውን ያውለበልባሉ።

"ጋሼ፣ እናቴ ናት! ዞር ይበሉልኝ!"

ላስቲኩ ሲተረተር ለዓመታት የታመቀ የሽንት ክርፋት ፊቱን መታው። አይጦች ከጀልባዋ ሆድ እየፈለቁ በጫማው ላይ ተሯሯጡ። ሊያነሳት ሲሞክር የተበላው ጎማ እጁ ላይ ተፈረፈረ፤ ጣቶቹ መሃል የሚያጣብቅ ጥቁር ቆሻሻ ቀረ።

"ጉድ ነው!" አለ ንብረት ኃላፊው። "ከመጣች ጀምሮ እኮ አንድ ሰው ነክቷት አያውቅም!"

"እሱስ እውነትዎን ነው። አይጥ ሰው አይደለም።"

ሾፌሩ ጫማውን አውልቆ የመኪና መጎተቻውን ገመድ ወገቡ ላይ አሰረ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ፣ ኃላፊው እንዲይዝለት የገመዱን ጫፍ ወደ ኋላ ዘረጋ። ተቀባይ አጣ። ዞር ቢል ንብረት ኃላፊው ተንበርክኮ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እያገናኘ፣ የተቀደደውን ላስቲክ ያጣጥፍ ነበር።