ከካናዳ የመጣው ሙሽራ

ቡታጅራ ሰገነትን ጠበበቻት። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፤ ስታስተምር ውላ ትገባለች፣ በቃ። ዲቪ በየዓመቱ ትሞላለች፣ በየዓመቱም ዝም ይላታል። ዓረብ አገር እንዳትሄድ አባቷ "ሬሳዬን ተራምደሽ!" ብለዋል። ወደ ደቡብ አፍሪካ በእግሩ የወጣው ወንድሟ ዮናታን ማላዊ ላይ ታስሮ፣ ተመልሶ፣ አሁን አገና ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል።

የቀረው ትዳር ነበር።

ስለዚህ ሽፈራው ከካናዳ መጥቶ ሽማግሌ ሲልክ፣ "እሺ" ለማለት ጊዜ አልፈጀባትም። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ደግ ነው፣ ትንሽ መላጣ ነው። ይሁን!

አክስቷ እትዬ ሐረገወይን ግን እንቅልፍ አጡ። እሳቸው ደግሞ አንዴ ከጠረጠሩ አለቀ።

"አርባ ዓመቱ ነው፤ እስካሁን አላገባም ቢሉኝ አላምንም" አሉ። "እዚያ ሚስት አለችው። አንቺን እዚህ ጎልቶ ሊመላለስ ነው።"

"እትዬ፣ አያስፈራሩኝ እንጂ!"

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋቢው "እንግዶች ተነሡና እንተዋወቅ" ሲሉ፣ ሽፈራው ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። እትዬ ሐረገወይን ሰገነትን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። "አየሽ? መታወቅ አይፈልግም!"

ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ ይወጣል። ስለ ካናዳ ሲጠይቁት "ብርድ ነው" ብሎ ወሬ ይቀይራል። ያውም ወደማይረባ ወሬ፤ ሰፈሩ ትልልቅ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሦስት ፌዝ መብራት ገብቶለት እንደሆነ፣ ጣውላ ስንት እንደገባ።

ሰገነትም መጠርጠር ጀመረች። ይሄም በር ከተዘጋ ሌላ በር የላትም። በመጨረሻ ፊት ለፊት ጠየቀችው።

"እውነቱን ንገረኝ። እዚያ ሚስት አለችህ?"

"ማንም የለኝም" አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "እዚያ ማንም የለኝም፣ ሰገነት።"

አመነችው። የጋብቻው ማስታወቂያ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የተቃወመ አልተገኘም። ሰገነት ሥራዋን ለቀቀች፤ ቦታዋ ወዲያው ለሌላ መምህርት ተሰጠ። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ወፍራም ካፖርት ገዛች። ጉድ እኮ ነው፣ ለቡታጅራ ሰው ካፖርት!

የመልስ ዕለት ሙሽሮቹ በወላጆቿ ቤት ተጠርተው፣ ቤቱ በዘመድ ሞልቶ፣ እትዬ ሐረገወይን ሽፈራውን አገላብጠው ሳሙት። በከንቱ በመጠርጠራቸው አፍረው ነበር።

"እንግዲህ ልጄ፣ ሰገነታችንን መቼ ነው የምትወስድብን?"

"ወዴት?"

"ካናዳ ነዋ!"

ሽፈራው ሳቀ። "ኧረ እትዬ! እኔ እኮ ጠቅልዬ ነው የመጣሁት።"