የሞሬኒኬ እናት ምርቃት

አገረ ገዥው ቆቡን አውልቆ፣ ለነጩ ልብሱ ሳይሳሳ፣ እግሬ ሥር በደረቱ ተዘረጋ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ እናቱን ሰላም የሚለው እንዲህ ነው። ፎቶ አንሺዎቹ እሱን ለማንሳት ተጋፉ።

«የሞሬኒኬ እናት፣ እንደምን ዋሉ?» አለኝ።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ስሟን ጠራ። ባለፈው ክረምት የእሱ ቡልዶዘሮች ገበያችንን ሲያፈርሱ፣ ልጄ ሞሬኒኬ የጨርቅ ጥቅሏን ላውጣ ብላ ገብታ ግድግዳ ተጫናት። እሱ በሬዲዮ ሕገወጥ ግንባታ አጸዳን ብሎ ፎከረ። ለቅሶ እንኳ አልደረሰኝም። አሁን ግን ምርጫው ቅዳሜ ነው። የገበያው ሴቶች ደግሞ አለቃቸው እኔ ነኝና የእኔን አፍ አይተው ነው ድምፅ የሚሰጡት፤ ስለዚህ ለሁለተኛ የሥልጣን ዘመን ይመርቁኝ ብሎ መጣ።

ረዳቱ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ ከመረቅሽው ገበያው በብሎኬት ይሠራል አለኝ። ሴቶቹ ከኋላዬ ቆመው ያዩኛል። እንዳባርረው የጠበቁ ነበሩ። ባባርረው ግን አሮጊቷ በሐዘን ናላዋ ዞረ ብሎ ይገላገለኛል። በዚህ ቀላል መንገድ አልለቀውም።

እጄን አናቱ ላይ ጫንኩ። ዕድሜ ይስጥህ አልኩ፤ ሕዝቡ አሚን አለ። መንገድህን ይጥረግልህ አልኩ፤ አሚን። ምርቃት ሲወርድ አሚን ማለት እኛ ዘንድ ልማድ ነው፤ ቃሉን አጣርቶ የሚሰማ የለም። እሱማ ግንባሩን አፈር ላይ ደፍቶ፣ ገና ሳልጨርስ በአሚን እየቀደመኝ ነበር። ደስ አለኝ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምርቃት በስንብት ነው የሚዘጋው። በቋንቋችን ለሚመለስ ሰው «ኦ ዳቦ»፣ እስክትመለስ ደህና ሁን፣ እንላለን፤ ሁለተኛ ዘመን የሚለምን ሹምም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ሬሳ ጉድጓድ ሲወርድ የምንለው ግን ሌላ ነው። እሱን ለመጨረሻ ጊዜ ያልኩት ለሞሬኒኬ ነበር።

ረዳቱ የያዘልኝን ማይክራፎን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«በል እንግዲህ ልጄ፣ ኦ ዲግቤሬ» አልኩት፤ ቀስ ብዬ፣ አጥርቼ።

ሴቶቹ ክው አሉ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የተሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነበር። አፈሩ ላይ እንደተደፋ፣ በሙሉ ልቡ፣ «አሚን» አለ።