የጋሼ ቃልቤሳ ሰንጢዎች

እምነት የተገደለችው በሰንጢ ነው። ፖሊስ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው፤ አጭር፣ ተጣጣፊ፣ ጫፉ የሾለ። ሬሳዋ የተገኘው ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ሥር፣ ወንዙ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ መሃል ነው።

መሰለች ይህን ስትሰማ ሱቋን ዘግታ ቤቷ ገባች። እምነት የሥራ ጎረቤቷ ነበረች። ሁለቱም ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ የቆርቆሮ ሱቅ አላቸው፤ ጠያቂ ይዞ መግባት የማይፈቀድለትን ስልክ፣ ቀበቶ፣ ቢላዋ ተቀብለው እስኪወጣ ያስቀምጡለታል። ሲሳሳቁ ይውሉ ነበር። «ባልሽ ዛሬም እኔ ጋ ሻይ ጠጥቶ ሄደ፤ የመሰለች ሻይ ውሃ ውሃ ይላል አለኝ» እያለች እምነት ታበሽቃት ነበር።

ሱቋን ያስዘጋት ግን ሐዘኑ ብቻ አይደለም። ሰንጢ ያለው ሰው ታውቃለች። አንድ ግቢ ያድራሉ።

ጋሼ ቃልቤሳ የጓሮውን ክፍል ከተከራዩ ቆይተዋል። ዝምተኛ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። ቀኝ እጃቸውን ድሮ የጨርቃጨርቅ ማሽን በልቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያላቸው ፍቅር አንድ ነው፤ የእንግሊዝ ሰንጢ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደው ከብረት ክምር ውስጥ እየለቀሙ ያመጣሉ። አንዷ ሁልጊዜ ከኪሳቸው አትጠፋም። ስለቱ ሥር የተቀረጸውን ጽሕፈት ባያነቡትም በመልኩ ያውቁታል። ጫፏ ደፍጠጥ ያለችውን «የበግ ኮቴ»፣ የሾለችውን «ወስፌ» ብለው ስም አውጥተውላቸዋል።

«የእንግሊዝ ሰንጢ ኩሩ ነው» ይላሉ፣ የቀንድ እጀታውን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ። «ሁለት እጅና ደህና ጥፍር ካላገኘ አይከፈትም። ሲከፈት ጠቅ ይላል። ጠቅ ካላለ፣ ሞቷል።»

እሑድ እሑድ ዘይት ሲቀቧቸው የመሰለች ባል አሻግሬ ያግዛቸዋል። «እኔ’ኮ የጋሼ ቃልቤሳ ጥፍር ነኝ!» እያለ ይቀልዳል። እሳቸውም ይስቁ ነበር። ሰሞኑን ግን አይስቁም።

ከቀብሩ ማግስት መሰለች ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ዞረች። ገመዱን የአሻግሬ ጃኬት ይዞታል፤ ራሱ አጥቦ አስጥቶታል። ሐዘን ላይ ነች ብሎ አዝኖልኝ ነው፣ ባል ማለት እንዲህ ነው ብላ በልቧ መረቀችው። ዘወር ስትል የጋሼ ቃልቤሳ በር ገርበብ ብሏል። የሰንጢው ሳጥን ተከፍቷል። ከተደረደሩት መሃል አንዱ ቦታ ባዶ ነው፤ ሽማግሌው ባዶውን ቦታ እያዩ ቁጭ ብለዋል።

«ወስፌ የለችም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«የት... የት ሄደች ጋሼ?»

ሳጥኑን ከደኑና ዓይን ዓይኗን አዩዋት። «በሐዲዱ በኩል እንዳትሄጂ፣ ልጄ። ከማንም ጋር።»

ልብሱን ሳታሰጣ ሮጠች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሱቋ ድረስ መጡ። ባዶው የኮታቸው እጅጌ ይወዛወዛል።

«አሻግሬ አለ?»

«የለም» አለች። ብቻዋን መሆኗን መናገሯ ወዲያው ቆጫት።

«ጥሩ።»

ግራ ቀኝ ቃኙ። ከኪሳቸው የበግ ኮቴን አውጥተው ባንኮው ላይ አኖሯት። «ያዢያት። ከጉያሽ አትለይ።»

«እኔ ሰንጢ ምን ያደርግልኛል ጋሼ?»

ሰንጢዋን ወደ እሷ ገፋ አደረጓት። «የሰው ቤት ነው፤ ምን ብዬ ልግባበት» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «ብቻ ያዢ።» ሄዱ።

መሰለች ሰንጢዋን በጨርቅ ሸፈነቻት። ፍተሻ ሲመጣ ሰንጢ ከእኔ ጉያ እንዲገኝ ነው! ደም ወደ እኔ ሊያዞሩት ነው! ለአሻግሬ ደወለች። ከነፋስ ፈጥኖ ደረሰ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ላንተ ብቻ። ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ። ሰንጢዋን ይዤ የሳጥኑን ነገር ልንገራቸው። እሳቸውን ይዘው ይጠይቁ፤ ስለ ወስፌ ያወጣሉ።»

አሻግሬ እጁን ጃኬቱ ኪስ ከተተ። «እውነትሽን ነው» አለ። «ከተጠየቁ ያወጣሉ። ነይ፣ የታክሲው ሰልፍ አይቀመስም። በሐዲዱ እንቁረጥ።»

የሽማግሌው ቃል ትዝ አላት። ግን ባሏ አብሯት ነው። ሰንጢዋን ጉያዋ ውስጥ ወትፋ ተከተለችው።

ፀሐይ ገና አልበረደችም፤ ሐዲዱ ላይ ግን ዝር የሚል የለም። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ዞረች። ጋሼ ቃልቤሳ ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ይሮጣሉ።

«መጡ! አሻግሬ፣ እየተከተሉን ነው!»

«አየሁ። ወደ ወንዙ ውረጂ፤ ዛፉ ይሸፍነናል።»

እየተንሸራተተች ወረደች። እምነት በወደቀችበት ቦታ ሣሩ እንደተኛ ነው። የባሏን ክንድ ሙጭጭ አድርጋ ያዘች።

ከላይ ከሐዲዱ ጠርዝ የሽማግሌው ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ። «መሰለች! ሰንጢዋን ክፈቺያት! አሁን ክፈቺያት!»

«አብደዋል!» አለች።

አሻግሬ ክንዱን ቀስ ብሎ ከእጇ አላቀቀ። «አይዞሽ የኔ ሆድ። እሳቸውን ብቻ እይ። ዓይንሽን እንዳታነሺ።»

እሳቸውን ብቻ አየች። ቁልቁለቱን እየወደቁ እየተነሱ ይወርዳሉ። አንድ እጃቸውን ወደ እሷ ዘርግተዋል፤ ምንም አልያዘም።

ጠቅ አለ፤ ከላይ አይደለም፣ ከጎኗ።