አንድ ጅኔ

ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ አሠሪዎቿ ማድ ቤት ውስጥ ስልኳ ሲንቀጠቀጥ ረሺዳ የምታጥበውን ሳህን ለቀቀችው። ወታደሮቹ ሥልጣን ከያዙ ወዲህ የስልክ ኩባንያው ኢንተርኔቱንም ጥሪውንም ዘግቶ ነበር። ያልዘጋው ከስልክ ወደ ስልክ ሂሳብ መላኩን ብቻ ነው፤ ከእሱ ኮሚሽን ያገኛል። ስለዚህ በከተማው ያሉት ሐበሾች አንድ አንድ ጅኔ፣ የሱዳኑን ፓውንድ፣ ይላላኩ ነበር፤ «አለሁ» ማለት ነው። ትናንት ከድልድዩ ማዶ፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ሲተኮስ ውሏል። ባሏ ሁዘይፋ የቀን ሥራ የሄደው ወደዚያ ነበር።

አረብኛ ማንበብ አትችልም፤ የገንዘቡን ቁጥር ግን ለየችው።

«አንድ ናት። አልሐምዱሊላህ፣ አለ» አለችና ስልኩን ሳመችው።

«አላልኩሽም? ያንን ሰውዬ ጥይትም ይፈራዋል» አለች አብራት የምትሠራው ዛሂራ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። ወዲያው የእሷም ስልክ ተንቀጠቀጠ። ካርቱም ያደገች ናትና መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ለእኔም አንድ ጅኔ መጣልኝ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ደግሞ ባል የለኝም።»

«ማን ላከው?»

«ኩባንያው። ስለ ትዕግሥታችሁ ስጦታ ነው ይላል። ለደንበኛው ሁሉ።»

ረሺዳ ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ከዚያ የሳህን ማድረቂያውን ጨርቅ አነሣችና ከንፈሯን እስኪቀላ ጠረገችው።